ከአሥራ ዘጠኝ ወደ አራት

ረቡዕ ማለዳ ነው፤ ሮተርዳም ላይ ያካፋል፤
ካርቶን ታቅፌያለሁ፣ ሊፍቱ ይከፈታል።
አንድ ኩባያ፣ አንድ ማስያ፣ ቁልቋል፣ እሱም ደርቋል፤
የሦስት ዓመት ጓዜ ከክንዴ ሥር ይገባል።
«ወደ ላይ ነሽ፣ ፌምከ?» አለ ዮስት፣ በሩን በእግሩ ይዞ።
«ወደ ታች።» ዝም አለ፣ ዐይኑ ካርቶኔ ላይ ፈዝዞ።
እዚህ ቤት ወደ ታች በካርቶን የወረደ
ወይ ተባሮ ነበር፣ ወይ ደግሞ ያበደ።

አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ሠርግ ቤት ነው በሉት፤
ኩባንያ ኩባንያን ያጫል በሌሊት።
እኔ ሚዜም አይደለሁ፣ ሽማግሌም አይደለሁ፤
የጥሎሹን ዝርዝር፣ ነጠላ ሰረዙን እቆጥራለሁ።
አባሪ አራት፣ የተሻሻለ፤ አባሪ አራት፣ ዳግም የተሻሻለ፤
ሙሽሮቹን ግን በዐይኔ ያየሁበት ቀን የለ።

ለገና ሃርሊንገን ሄጄ አባቴ ቤት እራት ስንበላ
(የባሕር ዛጎል አጥማጅ ነው፤ መዳፉ በጨው የተበላ)
«ሳምንቱን ምን ሠራሽ?» አለኝ። «አባሪ አራትን።» «ምንድን ነው?»
ላስረዳው ሞከርኩ። ድንቹን እየላጠ አዳመጠው።
ከዚያ ቢላውን አስቀምጦ፣ ሳያፌዝ፣ ከልቡ፣
«ይከብዳል?» አለኝ።
ዝም አልኩ። ቀዘቀዘ ምግቡ።

«መርከብ?» አለ ብራንድስማ፣ ከስክሪኑ ዐይኑን ሳይነቅል፤
«እዚህ የሦስት ዓመት ነሽ፤ እዚያ ግን ካንድ ይቆጠርልሻል።
በመርከብ ሸሪክ የሆነ ሰው እኔ አላየሁም እስካሁን፤
እስከ ዓርብ አስቢበት፤ ውሳኔሽ የረጋ ይሁን።»
አስቤ ጨርሼ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት፣ ቧንቧ ከፍቼ፣
ማንም እንዳይሰማኝ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ከንፈሬን ቀብቼ።

አራተኛ ፎቅ። መስኮቱ የሚያየው ብስክሌት ማቆሚያ ነው፤
ወይዘሮ ኮሪ የሰጡኝ ጠረጴዛ መሳቢያ የሌለው።
ሳንደር ይባላል አስተማሪዬ፤ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ፤
እሱ የጭነት ሰነድ ያነባል፣ እኔ ገና ሀ ሁ እላለሁ።
«መርከብ ይታሰራል» ሲለኝ ገመድ መስሎኝ «የት ወደብ?» አልኩት፤
ሳቀ። ፍርድ ቤት ነው የሚያስራት፣ ዕዳዋን እስኪከፍል ባለቤት።
አንዲት ቃል፣ ሁለት ቋጠሮ፤ ቀኑን ሙሉ ይዛኝ ዋለች፤
ማታ ብስክሌቴን ሳስር እጄ ላይ ተጠመጠመች።

የመጀመሪያ ባለጉዳዬ ኤርሚንዮ፣ የመርከብ ወጥ ቤት፣
የኢሎይሎ ሰው፣ ሰባት ወር ደመወዝ ያልሰጡት።
«የመርከቧ ስም?» አለኝ ሳንደር። ጻፍኩ። ቸኮልኩ። ላክሁት።
ስሟ ሁለቴ ተቀይሯል፤ እኔ አሮጌውን ጻፍኩት።
ማመልከቻው ተመለሰ፤ ሦስት ሰዓት አለፈ በእርማት፤
ባሕሩ ሞላ፤ መርከቧ ወጣች፣ ጭና የሰው ሰባት ወራት።
በመስኮት እንኳን አላየኋት፤ የኔ መስኮት ብስክሌት ነው፤
ከአሥራ ዘጠኝ ቢሆን ግን ወንዙን እስከ አፉ ያየዋል ሰው።

ኤርሚንዮ አልተቆጣም፤ ከኪሱ መንደሪን አወጣ፤
ልጦ ግማሹን ሰጠኝ። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር፣ ቢቆጣ።
በላሁት፤ ይጎመዝዛል። ዘሩን መዳፌ ላይ ተፋሁት፤
ቀኑን ሙሉ ኮቴ ኪስ ውስጥ እየዞርኩ ዳበስኩት።

ያን ሌሊት ለብራንድስማ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤
«ተሳስቼ ከሆነ...»
ከዚህ ወዲያ ግን አልሄደም ነገር።

ሐሙስ አንትወርፕ ላይ ታሰረች፤ በአዲሱ ስሟ፣ በትክክል፤
ደመወዙ ግን ገና ነው፤ ባለቤቷ ይከራከራል።

ማታ አባቴ ደወለ። «አሁንስ?» አለኝ፣ «ይከብዳል?»
«ዘጠኝ ሺህ ቶን» አልኩት። በስልኩ ነፋስ ይሰማል፣
የሃርሊንገን ነፋስ፣ የጀልባ ሰንሰለት፤ ዝምታው ረዝሞ
«ስሟ ማነው?» አለኝ በመጨረሻ፣ እርሳስ ፈልጎ፣ ቆሞ።

እኔም ሳልቸኩል፣
ፊደል በፊደል፣
ነገርኩት።